ቼን፤ የአቾሊ ወጣቶች የመንፈስ ቁስልና የመንጻት ሥርዐት

በሰሜን ዩጋንዳ በሚኖረው የአቾሊ ሕዝብ ዘንድ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ ብዙ ዘመን የሰነበተ ሰው፣ በተለይም ክፉ ነገር አይቶ ወይም ፈጽሞ የመጣ እንደሆነ፣ ወደ ግቢው ሲመለስ ደጃፉ ላይ አንድ ጥሬ እንቁላል ይጠብቀዋል። እንቁላሉ ኦፖቦ ከተባለው ቁጥቋጦ በተቆረጠ ቅርንጫፍ መካከል ይቀመጣል። ከአጠገቡም ላይቢ፣ ማለት የጎተራው ክዳን ተደግፎ የሚከፈትበት ባላ እንጨት ይጋደማል። ተመላሹ እንቁላሉን በባዶ እግሩ ረግጦ ሰብሮ፣ እንጨቱን ተሻግሮ ወደ ግቢው ይገባል። ሽማግሌዎቹ ትርጉሙን ሲያስረዱ፣ እንቁላል አፍ የለውም፤ ስለዚህም ክፉ አልተናገረም፤ ማንንም አልበደለም ይላሉ። የኦፖቦ ልጥ ሲታሽ እንደ ሳሙና ስለሚያሙለጨልጭ እድፍን ያጥባል። ላይቢ ደግሞ ጎተራው ዳግመኛ ተከፈተልህ፣ ከእኛ ጋር ትበላለህ ማለት ነው። ሥርዐቱ ኞኖ ቶንግ ግዌኖ፣ ቃል በቃል «የዶሮ እንቁላል መርገጥ» ይባላል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም አይፈጅም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በዚህ እንቁላል ላይ ያለፉት እግሮች በአብዛኛው የልጆች እግሮች ነበሩ። የ12፣ የ14፣ የ16 ዓመት ልጆች ጠመንጃ ተሸክመው፣ ሰው ገድለው ወይም ሲገደል አይተው ከጫካ ተመለሱ። የመጡበትን ዓለም ለመረዳት አስቀድሞ ቼን የተባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ቼን በአቾሊዎች እምነት በግፍ የሞተ፣ ወይም ሞቶ አፈር ያልለበሰ ሰው የቁጣ መንፈስ ነው። የሚከተለው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ ሬሳ የረገጠውን፣ የተገደለበትን ስፍራ ያለፈውን፣ አንዳንድ ጊዜም የገዳዩን ዘመድ ይይዛል። የተያዘው ሰው ሌሊት ይቃዣል፤ የሟቹ ፊት ይመጣበታል፤ ድምፁን ይሰማል፤ ብቻውን ያወራል፤ ያለምክንያት ይቆጣል፤ ከሰው ይሸሻል። «ደም ይጣራል» ለሚል፣ የአቤልን ታሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አስተሳሰብ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም። በቋንቋም ቢሆን አቾሊዎች ሩቅ አይደሉም፤ በጋምቤላ የሚኖሩት አኙዋኮች የሚናገሩት ቋንቋ ከአቾሊ ጋር የአንድ የሉዎ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቼን በአንድ ግለሰብ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ሕመም ተደርጎ አለመቆጠሩ ነው። ደም የነካው ሰው የቤተሰቡ፣ የጎሳው፣ የምድሩም ጉዳይ ነው። መድኀኒቱም እንደዚያው የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ለሰውነት ሞዮ ኮም፣ ለምድር ሞዮ ፒኝ የተባሉ የማንጻት ሥርዐቶች አሉ፤ ፍየል ይታረዳል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። በሁለት ጎሳዎች መካከል ሰው የተገደለ እንደሆነ ደግሞ ጥፋቱ በግልጽ ተነግሮ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ ከሁለቱም ወገን የመጡት ሰዎች ጎንበስ ብለው ከአንድ ቅል ውስጥ ኦፑት ከተባለው ዛፍ ሥር የተዘጋጀውን መራራ መጠጥ ይጠጣሉ። ይህ ማቶ ኦፑት ነው። መራራነቱ የጠቡን መራራነት አብሮ መዋጥ መሆኑ ነው። የደም ካሳና የእርቅ ሥርዐት በአገራችንም በኦሮሞ ጉማና በሌሎችም ሕዝቦች ልማድ ስለሚታወቅ ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም።

የውጭ ሰዎች ይህን እምነት የተረዱበት መንገድ የራሱ አሳዛኝም አስቂኝም ታሪክ አለው። በ1966 የታተመው የላዊኖ መዝሙር ደራሲ፣ የጉሉ ተወላጁ ባለቅኔና ሊቅ ኦኮት ፕቢቴክ (1931–1982) እንዳወጋው፣ በ1911 የኢጣሊያ ካቶሊክ ቀሳውስት የአቾሊ ሽማግሌዎችን ሰብስበው «ማን ፈጠራችሁ?» ብለው ጠየቁ። በሉዎ ቋንቋ «መፍጠር» የሚባል የተለየ ቃል ባለመኖሩ ጥያቄው «ማን ጠፍጥፎ ሠራችሁ?» ወደሚል ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ሰው ከእናቱ እንደሚወለድ ተናገሩ። ቀሳውስቱ ግን አጥብቀው በመያዛቸው አንድ ሽማግሌ የሰውን አከርካሪ የሚያጎብጥ ሩባንጋ የተባለ መንፈስ መኖሩን አስታወሰና ስሙን ጠራ። በዚህ ምክንያት ጀርባ አጉባጩ መንፈስ በአቾሊ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የፈጣሪ ስም ሆኖ ቀረ። ታሪኩ ለሳቅ ብቻ የተነገረ አይደለም። የአንድን ሕዝብ መንፈሳዊ ዓለም ሳያዳምጥ የራሱን ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ምን ዓይነት መልስ ይዞ እንደሚመለስ ያሳያል፤ ይኸው ነገር ከሰማንያ ዓመት በኋላ በሥነ ልቡና ባለሙያዎች ላይም በመጠኑ ተደግሟል።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች አቾሊዎችን «ተዋጊ ዘር» የሚል ስም ለጥፈው ለንጉሣዊው የአፍሪካ ጦር ይመለምሏቸው ነበር። ቀድሞ በጦርነት የገደለ አቾሊ ሞይ የተባለ የጀግንነት ስም ሲሰጠው አብሮ የመንጻት ሥርዐት ይፈጸምለት እንጂ እንዲሁ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ አይገባም ነበር። የሩቅ አገር ዘመቻና የዘመናዊ ጦርነት ብዛት ግን ይህን ሚዛን አናጋው፤ በሩቅ በሚተኮስ ጥይት የሞተው ሰው ማን እንደሆነ፣ ማንስ እንደገደለው አይታወቅም፤ ካሳ የሚከፈለውም እርቅ የሚወርደውም ከማን ጋር እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ይህ ችግር ጎልቶ የወጣው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር የዮዌሪ ሙሴቬኒ ጦር ካምፓላን ያዘ፤ ራሳቸው አቾሊ የነበሩት የጄኔራል ቲቶ ኦኬሎ መንግሥት ወደቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የአቾሊ ወታደሮችም ወደ ሰሜን ሸሽተው ወደየመንደራቸው ገቡ። እነዚህ ሰዎች በማዕከላዊ ዩጋንዳ በተለይም በሉዌሮ አካባቢ በተካሄደው ጦርነት የብዙ ሰላማዊ ሰው ደም ያፈሰሰ ሠራዊት አባላት ነበሩ። ብዙዎቹ ለሽማግሌ አንታዘዝም፣ አንነጻም አሉ። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው በአገሩ ላይ የወረደው መከራና በሽታ ሁሉ የመጣው እነዚህ ይዘውት በመጡት ቼን ነው አሉ። የገዛ ልጆቹን የሚፈራ መንደር ተፈጠረ።

አሊስ አውማ የተነሣችው በዚህ መካከል ነው። በ1956 የተወለደችው ይህች ሴት ላክዌና፣ ማለት መልእክተኛ በተባለ መንፈስ ተይዣለሁ ብላ መጀመሪያ የምትፈውስ ነበረች፤ ከዚያም በ1986 የመንፈስ ቅዱስ ጦር አቋቋመች። ለእነዚያ ላልነጹ ወታደሮች ያቀረበችላቸው ነገር መንጻት ነበር። ከመጠጥ፣ ከትምባሆና ከሴት እንዲርቁ፣ በውጊያም ላይ ከዛፍ ወይም ከኩይሳ ጀርባ እንዳይሸሸጉ የሚያዝዙ ሃያ ትእዛዛት አወጣችላቸው። የሺያ ቅባት ተቀብተው፣ መዝሙር እየዘመሩ ወደ ጥይት ገሰገሱ። ከሰማንያ ዓመት በፊት በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ በማጂ ማጂ ዐመፅ (1905–1907) የታየው፣ ጥይትን ወደ ውሃ ይለውጣል የተባለው እምነት እዚህም ተመለሰ፤ ፍጻሜውም ያው ሆነ። ጦሩ በ1987 መጨረሻ ጂንጃ ከተማ አጠገብ ተደመሰሰ። አሊስ ወደ ኬንያ ሸሽታ በ2007 በጥር ወር በስደተኞች ሰፈር ሞተች። በእብደት የሚከሷት ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ማንም ሊያጥበው ያልቻለውን ደም አጥባለሁ ብላ መነሣቷ ተከታዮቿን ያገኘችበት ምክንያት መሆኑን ማለፍ አይቻልም።

ከእርሷ ቀጥሎ የመጣው ጆሴፍ ኮኒ ግን ያንኑ ቅባትና ያንኑ ውሃ ለሌላ ዓላማ አዋለው። ሕዝቡ በፈቃዱ ስላልተከተለው ልጆችን በጉልበት መውሰድ ጀመረ፤ በተለይም ከ1994 ወዲህ የሱዳን መንግሥት መሣሪያ ሲሰጠው ጠለፋው በረታ። በጦርነቱ ዘመን የጌታ ተከላካይ ጦር በተባለው በዚህ ኀይል የተወሰዱት ልጆች ከ20,000 የማያንሱ ናቸው። አዲስ የተያዘ ልጅ ግንባሩንና ደረቱን በመስቀል ምልክት በሺያ ቅባት ይቀባ ነበር። ከዚያ በኋላ ከኮኒ ዐይን ሊሰወር እንደማይችል፣ ማምለጥን በልቡ እንኳ ቢያስብ መንፈሶቹ እንደሚያሳብቁበት ይነገረዋል። ሊያመልጥ ሲል የተያዘ ጓደኛውን በዱላ ቀጥቅጦ እንዲገድል ይገደዳል፤ አንዳንዱም የገዛ ዘመዱን እንዲገድል ተደርጓል። የዚህ ግዴታ ስሌት ግልጽ ነው። በአቾሊ እምነት ያደገ ልጅ በእጁ ሰው ከገደለ ቼን እንደያዘው ያውቃል፤ እንዲህ ሆኖ ወደ እናቱ ቤት ቢመለስ ሞትን ይዞ እንደሚገባ ያምናል። ለልጁ ከተሠራለት እስር ቤት ሁሉ ይህ ይከፋ ነበር። በሩን የዘጉት የገዛ አያቶቹ እምነትና የገዛ ኅሊናው ናቸው።

በ1996 ጥቅምት 10 ሌሊት አቦኬ በተባለ ስፍራ ከሚገኝ የካቶሊክ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት 139 ተማሪዎች ተወሰዱ። የትምህርት ቤቱ ምክትል ኀላፊ የነበሩት ኢጣሊያዊት መነኩሲት እኅት ራኬሌ ፋሴራ አንድ መምህር አስከትለው የሽፍቶቹን ዱካ ተከትለው ሄዱ፤ ደርሰውባቸውም ስለ ልጆቹ ለመኑ። አዛዡ 109ኙን ሲለቅ 30ዎቹን አስቀረ። መነኩሲቷ የ109ኙን ሕይወት ይዘው የ30ዎቹን ለቅሶ ከኋላቸው እየሰሙ የተመለሱበት መንገድ በዚህ ጦርነት ታሪክ ውስጥ ከብዙ ውጊያዎች በላይ ይታወሳል።

በዚያው ዓመት መንግሥት ገበሬውን «የተጠበቁ መንደሮች» ወደተባሉ ሰፈሮች በግድ ማስገባት ጀመረ። በ2005 ገደማ ከአሥሩ የአቾሊ ሰው ዘጠኙ በእነዚህ ሰፈሮች ነበር፤ የሰፈረው ሕዝብ ቁጥርም ከሚሊዮን በልጦ ነበር። ይህ የሰው ብቻ ሳይሆን የመንፈስ ስደት ነበር። አቢላ የተባለው የአያቶች መማጸኛ ያለው በጎሳው መሬት ላይ ነው፤ ፍየል የሚታረደውም፣ ሟች የሚቀበረውም፣ ተረት የሚወራበት የማታ እሳት የሚነደውም እዚያ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ጎጆ ከጎጆ ጋር ተጣብቆ፣ የእርዳታ እህል እየተቀበለ የሚያድግ ልጅ ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ ሰማው።

ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ፣ በከፋው ወቅት እስከ 40,000 የሚደርሱ ልጆች በየማታው ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ከመንደር ወደ ጉሉና ወደ ኪትጉም ከተሞች ይተምሙ ነበር። ጠላፊዎች የሚመጡት ሌሊት ነውና፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆስፒታል ግቢ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ያድራሉ፤ ሲነጋ ይመለሳሉ። በ2003 ሰኔ ወር የጉሉ ሊቀ ጳጳስ ጆን ባፕቲስት ኦዳማና ሌሎች የሃይማኖት አባቶች ከልጆቹ ጋር አራት ሌሊት በአስፋልት ላይ ተኙ። የካቶሊክ፣ የአንግሊካን፣ የኦርቶዶክስና የእስልምና አባቶች ከዚያ በፊት ለሰላም ማኅበር መሥርተው ነበር። ከመካከላቸው የአንግሊካኑ ጳጳስ ማክሎድ ቤከር ኦቾላ በ1997 ባለቤታቸውን በፈንጂ ያጡ ሲሆኑ፣ ይህም ሆኖ ለተጠለፉት ልጆችና ለጠላፊዎቹ ምሕረት እንዲሰጥ ከጮኹት ግንባር ቀደሙ ነበሩ። የምሕረቱ ዐዋጅ በ2000 ወጣ።

እንግዲህ ልጆቹ ማምለጥ፣ መማረክና መመለስ ሲጀምሩ ማን ይቀበላቸው? በ1994 ጉሉ ውስጥ እንደተቋቋመው ጉስኮ ያሉ ድርጅቶች መቀበያ ማዕከል ከፍተው ልጆቹን ያሳርፉ፣ ያሳክሙ፣ ቤተሰብ ያፈላልጉ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡት ባለሙያዎች «የአእምሮ ቁስለት» የሚል ቃል ይዘው መጡ። አቾሊዎች ግን ለሕመሙ የራሳቸው ስሞች ነበሯቸው። ቱዎ ታም ይላሉ፤ የሐሳብ በሽታ ማለት ነው። ኩሙ አለ፣ ፓር አለ፤ ሁሉም የኀዘንና የመብሰልሰል ዓይነቶች ናቸው። ቼን ግን ከነዚህ ተለይቶ ይቆማል። በሐሳብ በሽታ የተያዘ ሰው ያዝናል፤ ቼን ያለበት ሰው ደግሞ ከሟቹ ጋር ያልጨረሰው ጉዳይ አለበት። ይህን ልዩነት ሳያይ ሁሉንም በአንድ ስም የሚጠራ ሐኪም ቅዠቱን ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ ልጁ «ሟቹ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቀው ግን የሚመልሰው አይኖረውም።

እንቁላሉ ወደ አደባባይ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በየቤቱ ደጃፍ ይደረግ የነበረው ሥርዐት በጎሳ አለቆች አዛዥነት፣ በረጂ ድርጅቶችም ገንዘብ በመቶ ለሚቆጠሩ ተመላሾች በአንድ ላይ ይደረግ ጀመር። በ2005 ጥር ወር የነገሡት የአቾሊዎች የበላይ አለቃ ርወት ዴቪድ አቻና ዳግማዊ የዚህ ዋና ጠበቃ ሆኑ። በ2007 በጁባ በተደረገው ድርድር ላይ ማቶ ኦፑት በስሙ ተጠቅሶ በስምምነት ሰነድ ውስጥ ገባ።

ሁሉም ሰው ግን አልተደሰተም። አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ በተለይም እንግሊዛዊው ቲም አለን፣ ባህሉ በአለቆችና በረጂዎች እጅ እየተቀረጸ መሆኑን፣ በሁለት የታወቁ ጎሳዎች መካከል ለሚፈጸም ግድያ የተሠራ እርቅ ገዳዩም ሟቹም ለማይታወቁበት ጦርነት ሊበቃ እንደማይችል ጻፉ። ትችቱ እውነት አለበት። ሺህ ሰው በሜዳ ተሰልፎ እንቁላል ሲረግጥ እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጠብቀው አንድ ልጅ ያገኘውን ያገኛል ማለት ያስቸግራል። ጥቂት የማይባሉ ቤተ ክርስቲያኖች ደግሞ ሥርዐቱን የሰይጣን ሥራ ብለው አወገዙት፤ ልጆቹንም በጸሎትና እጅ በመጫን እንፈውሳለን አሉ። ከተመላሾቹ ብዙዎቹ በሁለቱም በኩል አለፉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሰኞ እንቁላል ረገጡ። ሰባኪዎቹንና ሽማግሌዎቹን ያጨቃጨቀው ጉዳይ ለልጆቹ ያን ያህል ጭንቅ አልሆነባቸውም።

በቁጥርና በመዝገብ የተደገፉ ጥናቶችም በዚህ ዘመን ተደርገዋል፤ ያመጡትም ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ጄኒ አናንና ክሪስቶፈር ብላትማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተጠለፉትንና ያልተጠለፉትን ወጣቶች ሲያነጻጽሩ፣ አብዛኛው ተመላሽ በአእምሮ ሕመም የተሰባበረ እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ቤተሰብም ልጁን በደስታ እንደተቀበለው አገኙ፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳት የቀረው ትምህርትና የጠፋው መተዳደሪያ ነበር። «የጠፋ ትውልድ» የሚለው የጋዜጠኞች አባባል ለነዚያ ልጆች ሌላ ስድብ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። በሌላ በኩል በቼን መያዛቸውን የሚናገሩት ከተጠለፉት መካከል ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው መገኘታቸውንና ስቃያቸውም የከበደ መሆኑን ሌላ ጥናት አሳይቷል።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ አንድ የማይጥም ውጤት አለ። በ2007 በታተመ ጥናት በሁለት ሰፈሮች የሚኖሩ 314 ወጣቶች በሦስት ተከፍለው፣ ገሚሱ በቡድን ተቀምጠው ስለ ኑሯቸውና ስለ ጭንቀታቸው እንዲነጋገሩ፣ ገሚሱ በጨዋታና በፈጠራ ሥራ እንዲሳተፉ፣ የቀሩትም ተራ እንዲጠብቁ ተደርጎ ነበር። በንግግሩ ቡድን የነበሩት ልጃገረዶች ኀዘናቸው በግልጽ ቀለለ፤ በወንዶቹ ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ጨዋታውና ፈጠራው ግን ኀዘኑን አላቀለለውም። ዘፈንና ድራማ ሁሉን ይፈውሳል እየተባለ በየስብሰባው ለሚነገረው ይህ መጠነኛ መልስ ነው። ጥበብ የራሷ ሥራ አላት፤ የሐኪሙንና የሽማግሌውን ቦታ ትሸፍናለች ማለት ግን አይደለም።

ጉዳዩ በመጨረሻ ዘ ሄግ ደረሰ። ዶሚኒክ ኦንግዌን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተጠለፈ፣ በጫካ አድጎ አዛዥ የሆነ ሰው ነው። በ2015 ጥር ወር እጁን ሰጠ፤ በ2016 ታኅሣሥ ወር በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የክሱ ችሎት ተጀመረ። ጠበቆቹ አእምሮው የታወከ መሆኑን፣ በኮኒ መንፈሳዊ ኀይል እያመነ በፍርሃት ሲታዘዝ መኖሩን ተከራከሩ። ዳኞቹ ክርክሩን አልተቀበሉትም፤ በጫካ ብዙ ዘመን የቆየ ሰው በኮኒ መንፈስ ላይ ያለው እምነት እየደከመ እንደሚሄድ ምስክሮች መናገራቸውን አመለከቱ። በ2021 የካቲት ወር በ61 ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በግንቦትም 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ማቶ ኦፑት በቅጣቱ ውስጥ እንዲታሰብለት የቀረበው ጥያቄም ውድቅ ሆነ። የገደላቸውና ያስገደላቸው ሰዎች ዘመዶች ይህን ፍርድ መፈለጋቸው የሚያስገርም አይደለም። ሕፃን ሆኖ የተጠለፈበት ቀን ግን በፍርዱ ውስጥ ለቅጣት ማቅለያ ከመሆን አላለፈም። በ2023 ታኅሣሥ ወር ቅጣቱን ሊፈጽም ወደ ኖርዌይ ተወሰደ።

በጫካ የተወለዱት ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይረቃል። እናቶቻቸው በግዳጅ ለአዛዦች የተሰጡ ልጃገረዶች ነበሩ። አቾሊ ጎሳን የሚቆጥረው በአባት ነው፤ መሬት የሚገኘው፣ አቢላው የሚታወቀው፣ ልጁ የሚቀበርበትም በአባት ወገን ነው። የነዚህ ልጆች አባት ሞቷል፣ ወይም ስሙ በሐሰት የተነገረ ነው፣ ወይም የአባትየው ዘመዶች ገዳይ ወልዶብናል ተብለው እንዳይጠሩ ይሸሻሉ። የእናት ወንድም ቤት ቢጠጉ ደግሞ መሬት ለማን ይሰጥ የሚል ጠብ ይነሣል። አንዳንድ እናቶች ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ የሟቹን አባት ዘመዶች ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ ተጉዘዋል፤ ልጁን ለማሳየት፣ ስሙን ለማስጻፍ፣ ከቀናቸውም በወገኖቹ ደጃፍ እንቁላል እንዲቀመጥለት ለመጠየቅ።